መጨረሻ የነካው ማን ነው?

የጡረታ ደብዳቤዬን የተቀበልኩት ባለፈው ዓመት፣ ቆቦ ላይ ፀሐይ ገና በማለዳ መክረር በጀመረችበት ወር ነው። ደብዳቤውን የሰጠችኝ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። መዝገቡ ላይ ካስፈረመችኝ በኋላ ጥቂት አመነታችና ፕሪንተሩ ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት እየነከሰ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የፕሪንተሩን ሆድ ከፈትኩት። ከጎማው ሥር ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወረቀት ተሸጉጣ አገኘሁና አወጣኋት። የመጨረሻው የመንግሥት ሥራዬ ይኸው ነበር፤ እሱንም የሠራሁት ጡረተኛ ሆኜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስውል እጄ ሥራ ፈታ፤ ልቤም ወደ ኋላ መመለስ አመጣ። ሰዎች ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ ይጠይቁኛል። እኔ ግን የሚታወሰኝ ዓመቱ ሳይሆን ዕቃው ነው። የትኛው ቢሮ የትኛው ኮምፒዩተር ምን ታሞ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከሁሉም በላይ የማልረሳው አንድ ርካሽ የጌም ኮምፒዩተር አለ። የሱን ነገር ለመናገር ግን ሙያውን ካስተማሩኝ ሰው መጀመር ይኖርብኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ከከብት ገበያው ጥግ ራዲዮ ይጠግኑ የነበሩት ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄጄ ሙያ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። እጄን እንድዘረጋ አዘዙኝ። መዳፌን አገላብጠው አዩና፣ የማይንቀጠቀጥ ግን ችኩል እጅ ነው አሉኝ። እጅን በማየት ይኸን እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም። ችኩልነቱ ግን እውነት ነበር። በስተርጅና መዘዝ ያመጣብኝም እሱ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ዕቃ ሲመጣላቸው ወዲያው አይፈቱም። ባለቤቱን ሣጥን ላይ ያስቀምጡና ሦስት ነገር ይጠይቁታል። መቼ ጀመረው? ሲጀምረው ምን ላይ ነበር? መጨረሻ የነካው ማን ነው? መልሱን እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ሰውዬው ስለ ራዲዮው ጀምሮ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ታመመ በሬው፣ ስለ ሚስቱ ወንድም ቢሄድም አያቋርጡትም። ከዚያ በኋላ ነው ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አንጥፈው መፍታት የሚጀምሩት። ብሎኖቹን በፈቱበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድሯቸዋል፤ ሲገጥሙ ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳሉ። አንዲት ብሎን ከተረፈች ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ እንደገና ይፈታል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሌላ ሰው አበላሽቶ የሰደደውን ዕቃ ሲከፍቱ፣ ሽቦ የሚበየድበት ስታኞ እንደ ንፍጥ ተዝረክርኮ ቢያገኙት እንኳ ምንም አይናገሩም። አንድ ቀን እኔ «ይኸን የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ» ብል ካቻቢቴውን አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«የሰው እጅ አትማ፤ ያንተ እጅ ነገ ምን እንደሚሠራ አታውቅም» አሉኝ።

ከሥራቸው ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ። ከአፋር በረሃ ፍየል እየነዳ ቆቦ የሚወጣ አንድ ነጋዴ ነበር። ራዲዮው ጠዋት ጠዋት ደህና ትናገርና ቀትር ላይ ዝም ትላለች። በጠዋት አመጣት፤ እኔም ከፍቼ ሞከርኳት፤ እንደ ዘፋኝ ጮኸች። ምንም የላትም ብዬ ልመልስለት ስል ጋሽ እንድሪስ ከለከሉኝ። ራዲዮዋን ወስደው ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጧት። ሰውዬውን ሻይ ጋበዙት፣ ሶላታቸውን ሰገዱ፣ ቀኑ እኩል ሆነ። ዝም ባለች ጊዜ አወረዷትና በክብሪት እንጨት ጫፍ የስታኞ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጓቸው። አንዷ ዘንድ ሲደርሱ ራዲዮዋ ተናገረች። ስታኞው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነበረው፤ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይገጥማል። በሽተኛ የሚመረመረው ባመመው ሰዓት ነው አሉኝ።

አራት ዓመት ከሳቸው ጋር ከቆየሁ በኋላ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ሥራዬ የጽሕፈት መኪናና የጄኔሬተር ጥገና ነበር። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ሲመጣ፣ ከሁላችን የብረት ሆድ ከፍቶ የሚያውቅ እኔ ስለነበርኩ ደሴ ለሥልጠና ላኩኝ። ስመለስ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ነበር። አለቃችን አቧራ ይገባባቸዋል ብለው ለወራት አላስነኩም። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ለያንዳንዷ ብሎን ቅጽ ያስሞሉ ነበር። ኋላ ሮቢት ሁለት ዓመት፣ ጎብዬ ሦስት ዓመት ተመድቤ ሠራሁ። ጎብዬ እያለሁ የገበያ ቀን ገበሬዎች ቢሮው መስኮት ሥር ተሰብስበው፣ እኔ ኮምፒዩተር ስፈታ በግ አራጅ እንደሚያይ ሰው ቆመው ያዩኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ልቡን እንዳሳያቸው ጠይቀውኝ ፕሮሰሰሩን አሳየኋቸው። ይኸን ሁሉ የሚያዘው ይኸ ነው ወይ ብለው በጣም ተገረሙ። ያን ዘመን ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ሰው ግን ሲያየኝ «ሐኪሙ መጣ» ይል ነበር።

ቆቦ ተመልሼ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ከአምስት ስብርባሪ አንድ የሚነሳ ኮምፒዩተር ማውጣት ሆነ። ዘሃራ ከዓረብ አገር የተመለሰችው በዚያ ሰሞን ነው።

ዘሃራ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አባቷን አውቃቸው ነበር። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ መጣች። ከአባቷ የቀረላት ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ አንድ ክፍል ቤት ነበር። ብዙ ሰው ሱቅ ክፈችበት ይላት ነበር፤ እሷ ግን የጌም ቤት ልከፍት ነው አለች። በምትሠራበት ቤት ልጆቹ ሲጫወቱ እያየች፣ ተጫዋች ሲጎድልባቸውም እየገባች ጨዋታውን አውቃዋለች። ቀትር ላይ ቆቦ በሙቀት ሲዝል ባጃጆች ጥላ ሥር ተሰልፈው እንደሚቆሙ አይታለች። ሾፌሮቹ እዚያው ውስጥ እግር ኳስ ቢጫወቱ ብላ አሰበች። ሐሳቧን ወደድኩት።

የዕቃውን ዝርዝር እኔ ጻፍኩላት። ርካሽ ግን ለጨዋታ የሚበቃ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ምስሉንም ራሱ የሚያወጣ ዓይነት ስለሆነ ግራፊክስ ካርድ ለብቻ መግዛት አላስፈለገም። ያስመጣላት የአክስቷ ልጅ ይማም ነው። ይማም ከገበያው መግቢያ ስልክና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ በሰው ሁሉ የሚታመን ሰው ነው። ሁሉንም ካርቶኑ ሳይከፈት አምጥቶ አስረከባት።

እኔ የገጠምኩት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ከቢሮም ኔትወርኩ ጠፍቷልና ቶሎ ና ብለው ደጋግመው ይደውሉልኛል። መነጽር ከታዘዘልኝ ዓመት አልፎት ነበር፤ ግን ሰው ፊት ማድረግ አፍር ስለነበር ቤት ነው የማስቀምጠው። ፕሮሰሰሩን አስገባሁ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀባሁ፣ ከላዩ ማቀዝቀዣውን ጫንኩ። ማቀዝቀዣው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ብረትና ማራገቢያ ያለው ነው፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ራሱ ስቦ ወደ አየር ይበትናል። አራቱን ብሎን አጠበቅኩ። ኮምፒዩተሩ ተነሳ፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ሜዳ ሲታይ ዘሃራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

ቤቱ በተከፈተ በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ። ጨዋታው ሲጀመር ደህና ነው፤ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስታክ ያደርጋል። ተጫዋቹ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እግሩን ይጎትታል፤ ኳሷ አየር ላይ ትቆማለች። ባጃጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ተናደዱ፤ ከዚያ መምጣት ተዉ።

እኔ በማግስቱ ጠዋት፣ ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ገና ሳይሞቅ ሄድኩ። ከፈትኩት፤ አምስት ደቂቃ ያህል ተጫወትኩበት፤ ምንም የለውም። ለማንኛውም ብዬ ዊንዶውን እንደ አዲስ ጫንኩት። እንደገና ደወለች። ድራይቨሩን ቀየርኩ። ደወለች። አንድ ራም ጨመርን፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግን፤ ስታብላይዘሩን ለወጥን። በያንዳንዱ ጊዜ ተስፋ ታደርጋለች፤ በያንዳንዱ ጊዜ ቀትር ላይ ያው ይሆናል። በመጨረሻ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያነብ ፕሮግራም አስገባሁና ሲጫወቱ አየሁት። ቁጥሩ ውሃ ወደሚፈላበት ተጠግቷል። ፕሮሰሰር ያን ያህል ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ሥራውን ይቀንሳል፤ የሚጎተተው ለዚህ ነው።

እዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ቀጥሎ ግን ለምን ይግላል ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የራያ ቆላ ነዋ፣ ምን ይደረጋል አልኩ። የኬዙን፣ የኮምፒዩተሩን ሣጥን፣ ጎን ከፍተን ቋሚ ማራገቢያ ደቀንበት። ያው ሆነ። ያኔ ዘሃራ ፊት ማፈር ጀመርኩ። በእጄ የገጠምኩትን ማቀዝቀዣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም። ስለዚህ ሌላ የምጠረጥረው ሰው ፈለግኩ።

«ፕሮሰሰሩ የተሠራበት ነው» አልኳት። «አሮጌ ዕቃ አጥበው አዲስ ካርቶን ውስጥ ይከቱታል።»

«ይማም ያውቃል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ነጋዴ አይደል? ምን ያውቃል ምን አያውቅም አይባልም።»

ያችን ቃል ከአፌ ባልወጣች ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ዘሃራ በዚያው ቀን ይማም ሱቅ ሄዳ ገበያተኛ ፊት ተናገረችው። ዕቃው አዲስ መሆኑን ማለላት፤ አላመነችውም። ወሬው በባጃጆቹ አፍ ከተማውን ዞረ። አንዳንዱ ይማም ዘንድ ስልክ ለመግዛት ገብቶ፣ አዲስ ነው ወይስ የታጠበ እያለ ይቀልድ ጀመር። ሁለቱ ቤት ለቤት መጠያየቅ አቆሙ።

ይኸ ሲሆን የይማም እናት እትዬ ፋጡማ በሕይወት ነበሩ። ዘሃራ እናቷ የሞተችባት በልጅነቷ ስለሆነ፣ ያሳደጓት እኒህ አክስቷ ናቸው። ዓረብ አገር ስትሄድ የሸኟት፣ ስትመለስም ቀድመው ያቀፏት እሳቸው ነበሩ። ጠቡ በገባ በሦስተኛው ወር ታመሙ። ዘሃራ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ሳትሄድ ቀረች። ይማም ደጃፍ ላይ ይመልሰኛል ብላ ፈርታ፣ ዛሬ ነገ ስትል እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። እትዬ ፋጡማ ሁለት ሳምንት ተኝተው አረፉ። ለቅሶ ላይ ዘሃራን አየኋት፤ ከሴቶቹ ኋላ በር ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ ማንም ሳያያት ወጣች። እኔ ደግ ሰው መስዬ፣ የዘመድ ጠብ ክፉ ነው እያልኩ ከጎኔ ላለው ሰው አዝን ነበር። ጠቡን ያመጣሁት እኔ መሆኔ አልታየኝም።

በዓመቱ ዒድ ላይ ጋሽ እንድሪስን እንኳን አደረስዎ ልል ሄድኩ። ሱቁን ከተዉ ቆይተዋል፤ አንድ ዓይናቸው ፈዟል፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ድሮው ቀጭንና ፀጥ ያሉ ናቸው። ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ ስለዚያ ኮምፒዩተር እንደ እሮሮ አድርጌ ነገርኳቸው። ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፤ ቢሆንም እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«መቼ ጀመረው?» አሉኝ።

ቤቱ በተከፈተ በቀናት ውስጥ አልኳቸው።

«ሲጀምረው ምን ላይ ነበር?»

ጨዋታ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ሲሞቅ ነው አልኳቸው።

«መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

ይማም ልል ነበር። ግን ይማም ካርቶኑን እንኳ አልከፈተውም።

«እኔ» አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ከበዓሉ በኋላ አንድ ቀን እንድወስዳቸው ብቻ ጠየቁኝ፤ የምንሄደውም ቀትር ላይ እንዲሆን አሉ።

ባጃጅ አምጥቼ ወሰድኳቸው። ዘሃራ ቤት ሁለት ሾፌሮች ብቻ ይጫወቱ ነበር፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ እንጂ ጨዋታው እንደ ቀድሞው ይጎተት ነበር። ዘሃራ ሽማግሌውን ስታይ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ሾፌሮቹን እንዳያጠፉት፣ እንዲጫወቱ ነገሯቸው። ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ የኬዙን ጎን አስከፈቱኝና፣ የሚነዝር ቦታ ካለ አስቀድሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው። ጣታቸውን ቀስ ብለው ማቀዝቀዣው ብረት ላይ አሳረፉ። እዚያው አቆዩት።

«ሙቀቱ ስንት ይላል?» አሉኝ።

ውሃ ሊፈላ ትንሽ ቀርቶታል አልኳቸው።

«ይኸ ብረት ግን ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «የራዲዮ ትራንዚስተር ሲግል የተሸከመው ብረት አብሮት ይግላል። ውስጡ እየነደደ ብረቱ ከቀዘቀዘ፣ እሳቱን መሐል ላይ ያገደው ነገር አለ። ፍታው።»

ኮምፒዩተሩን አጠፋሁ። አራቱን ብሎን ፈታሁና ማቀዝቀዣውን አነሳሁት። ቅባቱ መሐል አንዳች ነገር አበራ። በጣቴ ጥፍር ሳብኩት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እንደ ውሃ የጠራ ላስቲክ ከብረቱ ላይ ተላጦ መጣ። አዲስ ማቀዝቀዣ እንዳይጫር ከፋብሪካ የሚለጠፍበት ሽፋን ነው። ዳሩ ላይ ደቃቅ ጽሕፈት ነበረበት፤ ማንበብ አቃተኝ። ዘሃራ ከእጄ ወሰደችና አነበበችው።

«ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ ይላል» አለች።

አንደኛው ሾፌር ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱና፣ የዙህር ሶላት እንደደረሰና መስጊዱ ቅርብ ስለሆነ ብቻቸውን እንደሚሄዱ ነገሩን። እኔ የምናገረውን እዚያ ተቀምጠው መስማት እንዳልፈለጉ ገብቶኛል። ሾፌሮቹም ተከትለዋቸው ወጡ።

ከዘሃራ ጋር ብቻችንን ቀረን። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ይማም ንጹሕ እንደሆነ፣ ያን ቅዳሜ ቸኩዬ ይኸን ሳልልጥ እንደገጠምኩት ነገርኳት። ዓይኔ እንደደከመ፣ መነጽር ማድረግ አፍሬ እንደነበርም አልደበቅኩም። ላስቲኩን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አክስቴን ሳላያት እኮ ነው የሞተችው፣ ጋሽ ታደሰ» አለችኝ።

ሻሿን አስተካከለችና በሩን ቆለፈች። ወደ ይማም እንሂድ፣ አንቱ ይንገሩት፣ እኔ ከኋላ እመጣለሁ አለችኝ። ከቤቷ እስከ ይማም ሱቅ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን ከቆቦ ጎብዬ በእግሬ የሄድኩ ያህል ደከመኝ።

ይማም ሒሳብ የያዙ ሁለት ገበያተኞችን እስኪሸኝ ቆምን። ዘሃራን ከኋላዬ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ላስቲኩን ባንኮኒው ላይ አኖርኩለትና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኩት። አሮጌ ነው ያልኩትም፣ ነጋዴ አይደል ያልኩትም እኔ መሆኔን ተናገርኩ። አፉ በለኝ አልኩት። ይማም ላስቲኩን አልነካውም። ያየውም እኔን ሳይሆን ዘሃራን ነው።

«እናቴ ስትታመም በየቀኑ ዘሃራ የት ቀረች ትለኝ ነበር» አላት። «ተጣላን ማለት ከበደኝ። ድንገት ቪዛ መጥቶላት ዓረብ አገር ተመልሳለች አልኳት። እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልሽ፤ በሰላም ገብታ በሰላም ትመለስ አለች። ባንቺ ቅር ብሏት አልሞተችም።»

ዘሃራ እዚያው የስታብላይዘር ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከደጇ ሦስት ቤት አልፌ እኮ ነበርኩ፣ ሦስት ቤት ብቻ፣ እያለች ደጋግማ አለቀሰች። ይማም ከባንኮኒው ዞሮ ወጣና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ልወጣ ስል ይማም ጠራኝ።

«እኔ አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ ታደሰ» አለኝ። «ግን ለኔ የነገሩኝን ለባጃጆቹም ይንገሯቸው። ስሜ የጠፋው እነሱ ዘንድ ነው።»

ልክ ነበር። በሠላሳ ምናምን ዓመት ሥራዬ ብዙ ሰው ፊት ቆሜያለሁ፤ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ የክልል ኃላፊ ፊት ስለ ሰርቨር አስረድቻለሁ። እንደዚያ ማግስት ቀትር ግን መናገር ከብዶኝ አያውቅም። ዘሃራ ለሾፌሮቹ ሁሉ ኑ ብላቸው፣ ቤቱ ሞልቶ በሩ ላይ ተርፎ ነበር። ይማምም መጥቶ ግድግዳው ጥግ ቆመ። መነጽሬን አድርጌ ነበር፤ የብዙዎቹን ፊት በደንብ ያየሁት ያን ቀን ይመስለኛል። ላስቲኩን አነሳሁና አሳየኋቸው። ይማም የሸጠው ዕቃ አዲስ እንደሆነ፣ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ስሙን ያጠፋሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሊስቁ ይችላሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። አንድ ሸበቶ ሾፌር፣ እሱም አንዴ የሞተር ዘይት ሳይሞላ ደንበኛ ጭኖ ሄዶ ሞተር እንዳቃጠለ፣ ጥፋቱንም በሜካኒኩ እንዳላከከ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ሌሎችም የየራሳቸውን ማውራት ጀመሩ።

እነሱ ሲያወሩ እኔ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠርጌ አነሳሁ፤ የማቀዝቀዣው ብረት እንደ መስተዋት እስኪያበራ ጠረግኩት። አዲስ ቅባት የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ጠብ አደረግኩና ብረቱን ቀጥ አድርጌ ጫንኩት። ብሎኖቹን አንዱን እስከ ጥግ ሳይሆን፣ ጥቂት ጥቂት፣ በመስቀለኛ እያዞርኩ አጠበቅኳቸው፤ እንዲህ ካልሆነ ብረቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። አንዲት ብሎንም አልተረፈችም።

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ዘሃራ አንዱን ጆይስቲክ ያዘችና ሌላውን ለይማም ዘረጋችለት። ሾፌሮቹ ተቃወሙ፤ የሚጫወት ሰው ሞልቶ ሳለ ለምን ለሱ አሏት። አልሰማቻቸውም። ይማም በሕይወቱ ጌም ተጫውቶ አያውቅም። ወፍራም ጣቶቹ መካከል ጆይስቲኩ እንደ ጫጩት ሆኖ ታየ። ፈራ ተባ እያለ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ተጫዋቾቹ እንደ ውሃ ፈሰሱ። ዘሃራ ገና ሳይደላደል ጎል አገባችበት፤ ቀጥላ ሌላ፤ ቀጥላ ሌላ። ይማም አፉን ከፍቶ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና ወደ ዘሃራ ዘወር አለ።

«የኔ ሰውዬ የትኛው ነው?» አላት።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዘሃራም ሳቀች፤ ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አሳየችው፤ እሱም ሰውዬውን ይዞ ሜዳውን እየዞረ ሮጠ፤ ኳሱ የት እንዳለ ግድ አልሰጠውም።

እኔ ከኬዙ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጣቴን ማቀዝቀዣው ብረት ላይ አሳርፌ ነበር። ብረቱ ቀስ እያለ ሞቀ፤ እንደሚገባው ሞቀ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ውጭ ቀትሩ አስፋልቱን ያቀልጥ ነበር። ከቢሮ ስልክ ተደወለልኝ፤ ያን ቀን አላነሳሁትም። ሁለቱ ጨርሰው እስኪነሱ ድረስ ከዚያ በርጩማ ላይ አልተንቀሳቀስኩም።